የውስጥ ሰው፣ የውጭ ሰው

ኩልሱም ያን ቀን ጠዋት ያሉትን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። የተነፋውን የፑሪ ቂጣ ከዘይቱ እያወጡ ወደ ገበታው ሲያቀብሉ፣ ለሰው ሳይሆን ለመጥበሻው የሚነግሩ ይመስል፣ «ዘንድሮ ልጅ ካራቺ ከገባ አባት እንዳለውም ይረሳል» አሉ። የተባለው ልጅ ዋቃር ነው። አባቱ ሸፊቅ እዚያው ገበታ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ እሱ ግን ማማሰሉን አልተወም። የዋቃር እህት ዘርቃ ቀና ብላ አክስቷን አየቻቸው፤ እሳቸው ዓይናቸው ዘይቱ ላይ ነው። ከገበታው ራስ የተቀመጡት የኩልሱም ባል፣ የሸፊቅ ታላቅ ወንድም ሚርዛ ኢናየት ናቸው። በኛ ወግ የአባት ታላቅ ወንድም ታያ ጂ ነውና ዘርቃም፣ ሠራተኛውም፣ ፖስተኛውም ሳይቀር ታያ ጂ ይላቸዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለው ወሬ ሲነሳ የራሳቸውን ሚጥሚጣ ሳይነሰንሱበት አያልፉም። ያን ቀን ግን ጣፋጩን ሐልዋ ዋጥ አደረጉና ስለ ማንጎ ማውራት ጀመሩ። ኪሎው ሠላሳ ሩፒ ገብቷል አሉ፤ ያውም ጣዕም ያለው ቢሆን ደግ ነበር፣ ውሃ ነው። ሸፊቅ «አዎ፣ ውሃ ነው» አለና ሻዩን ሳይጠጣ ተነስቶ ወደ ሥራው ወረደ።

ቤቱና ፋብሪካው አንድ ግቢ ነው። ከፊት ቢሮው፣ ከጓሮ የመሞረጃውና የመወልወያው አዳራሽ፣ ከላይ የሁለቱ ወንድማማቾች ቤተሰብ። የሚሠሩት የቀዶ ጥገና መቀስና መቆንጠጫ ነው፤ ሲያልኮት ውስጥ ይኼ ማንንም አያስደንቅም፣ ጎረቤቱም የጎረቤቱ ጎረቤትም የሚሠሩት እሱኑ ነው። ጠዋት መሞረጃው ሲነሳ እላይ ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፣ ያኔ ሁሉም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማውራት ይጀምራል፣ ማታም ሲጠፋ ከፍ እንዳደረገ ይቀራል። ዋቃር ካራቺ የሄደው በዚሁ በሥራ ነገር ነው። የውሻ ጥፍር መቁረጫ የሚፈልግ ደንበኛ አግኝቶ ትእዛዙን በደስታ ይዞ መጣ። ታያ ጂ አባታቸው ለጦር ሐኪሞች መቀስ ሲሞርዱ እያዩ ያደጉ ሰው ናቸው። «ነገ ደግሞ የድመት ማበጠሪያ እንሠራለና» አሉት። ዋቃር «ድመቷ ከከፈለች ለምን አንሠራም?» አላቸው። ሠራተኛው ሁሉ ሰምቶ ሳቀ፤ ያ ሳቅ ነው ነገሩን ያበላሸው። በሳምንቱ ዋቃር ካራቺ ወደብ አጠገብ ያለችውን አንድ ክፍል ቢሮ እንዲይዝ ተላከ። ሲሄድ ማንጎ ገና ያብብ ነበር።

ዘርቃ በዚያን ጊዜ ላሆር ነበረች፣ ኮምፒዩተር እየተማረች። የመጨረሻ ፈተናዋን ተፈትና ከተመለሰች ገና ወሯ ነው። በዚህ አንድ ወር ውስጥ ቤት ውስጥ መብራት ያለው ዕቃ ሁሉ የእሷ ሥራ ሆኗል፤ ቴሌቪዥኑ ቢንሸዋረር ዘርቃ፣ የኩልሱም መቀላቀያ ቢነዝር ዘርቃ። ቁርስ ካለቀ በኋላ ታያ ጂ ወደ ቢሮ አስጠሯት። በሚቀጥለው ሳምንት ለኤግዚቢሽን ጀርመን ሊሄዱ ነው፤ እዚያ ሆነው ኢሜይላቸውን ቢሮ እንዳሉ ያህል ማንበብ ይፈልጋሉ። ለዚሁ ተብሎ ከዱባይ ላፕቶፕ መጥቶላቸዋል፤ ሰማንያ ሺህ ሩፒ የወጣበት ስለሆነ ኩልሱም በጥልፍ ጨርቅ ሸፍነውታል። «ለእኔ ብቻ አስተካክዪ፣ የሌላውን ሰው እንዳትነኪ» አሏት። ዘርቃ ዋቃርም ውጭ እንዳለ፣ አንዴ ከተነካካ አይቀር የሱንም ማየት እንደሚሻል ተናገረች። ታያ ጂ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። «ዋቃር ፋክስ አለው» አሉ። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

ያኔ ኢንተርኔት ቀኑን ሙሉ የሚፈስ ነገር አልነበረም። ቢሮው ጥግ ከፋክሱ ጎን አንድ ሰርቨር ተቀምጧል፤ ባለፈው ዓመት ከላሆር የመጣ ባለሙያ ተክሎት የሄደ ግራጫ ሣጥን። እሱ ጠዋት፣ ቀትርና አሥር ሰዓት ላይ በስልክ መስመር ላሆር ላለው የኢንተርኔት ድርጅት ይደውላል፤ እንደ ታመመ በግ እየጮኸ ይገናኛል፣ የመጣውን ደብዳቤ ይዞ ይመለስና በየስሙ ለየሰዉ ኮምፒዩተር ያድላል፣ የሚላከውንም ያስረክባል። ከከተማ ወጥቶ የሚኖር ሰው ሲኖር ደግሞ እዚያው ላሆር ድርጅቱ ዘንድ የራሱ የደብዳቤ ሣጥን ይከፈትለትና ካለበት ሆኖ ደውሎ ያነባል። ዋቃር ካራቺ ሲገባ የተደረገለት ይኸው ነው። በስልክ ማውራትማ አለ፣ ግን ለካራቺ አንድ ደቂቃ ከአንድ ኪሎ ስኳር ይበልጣል፤ ከዚያም በላይ የቤቱ ስልክ ያለው በታያ ጂ እልፍኝ ውስጥ፣ ከክንዳቸው ሥር ነው። ሸፊቅ እዚያ ተቀምጦ ልጁን «እንዴት ነህ፣ ናፍቀኸኛል» የሚል ሰው አይደለም። ሸፊቅ ብቻውን ሆኖም እንዲህ የሚል ሰው አይደለም ይባል ነበር።

ዘርቃ ላሆር ወዳለው የኢንተርኔት ድርጅት ደወለች። ኻውር የሚባል ልጅ ነው ያነሳው፤ ለታያ ጂ ሣጥን ከፈተላት፣ እግረ መንገዱንም በድምፅዋ የላሆር ልጅ መስላው እንደነበር ነገራት። አመስግና ዘጋችው። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ካሉት የቤት ሰዎች ስም መካከል የታያ ጂን ሰረዘች፤ ውጭ ሊያነቡ ከሆነ እዚህ ምን ያደርጋል ብላ። ይሠራ እንደሆነ ለማየት ጀርመን መሄድ አያስፈልግም፣ ደረጃውን መውጣት ይበቃል። አባቷን መቀሱን ከሚፈትሽበት ከመቀስ ማያው ክፍል ጠርታ ቢሮ ካለው ኮምፒዩተሩ ለታያ ጂ አንድ ደብዳቤ እንዲጽፍ ለመነችው። ሸፊቅ በአንድ ጣት ነው የሚጽፈው፤ ጣቱን እንደ ዶሮ ምንቃር አንስቶ ፊደሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ሰው ያዛጋል። «ባይ ጃን፣ ጀርመን ደህና ገቡ?» ብሎ ጻፈ። ታላቅ ወንድሙን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ባይ ጃን ነው የሚላቸው። ዘርቃ ትከሻውን መታ አድርጋው ላፕቶፑን ይዛ ወደ ላይ ሮጠች።

በታያ ጂ እልፍኝ ውስጥ ኩልሱም ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ዘርቃ የስልኩን ገመድ ነቅላ ላፕቶፑ ላይ ስትሰካ ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቋት። ጀርመን እንዳለች አስመስላ ደብዳቤ እየጠበቀች መሆኗን ነገረቻቸው። ኩልሱም ነገሩን ጥቂት አሰቡበትና፣ እንግዲያው እዚያ ሳለች አጎቷን ሹራብ እንዲለብሱ እንድትመክርላቸው ጠየቋት፤ እሳቸውን አልሰማ ብለዋልና። ሥጋውንም ሳይጠይቁ እንዳይበሉ፣ ደግሞም ለእህታቸው ልጅ ጫማ እንዳይረሱ። ዘርቃ ሁሉንም እናገራለሁ አለች። ላፕቶፑ ጮኸ፣ ተገናኘ፣ ሣጥኑ ተከፈተ። ባዶ ነው። ትንሽ ቆይታ፣ ሰርቨሩ የቀትር ጥሪውን ከደወለ በኋላ ደግማ ሞከረች። አሁንም ባዶ። ሦስተኛውን ልትሞክር ስትል መብራት ጠፋ፤ ማራገቢያው ሁለት ዙር በራሱ ዞሮ ቆመ፣ መሞረጃው ጸጥ አለ፣ ኩልሱምም በዚያ ጸጥታ ውስጥ በከፍተኛ ድምፅ «ጀርመን መብራት አይጠፋም ብለው ነበር» አሉ።

ዘርቃ ስትወርድ አባቷ ጨለማው ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ፊት እንደተቀመጠ ነው፤ በአሮጌ ካርቶን ፊቱን ያራግባል። ታያ ጂ ለቀትር ሶላት መስጊድ ሄደዋል፣ ጸሐፊውም ምሳ ወጥቷል። ደብዳቤው እንዳልደረሰ ነገረችው። ሸፊቅ ሳቅ አለ።

«የእኔ ደብዳቤ መቼ ደርሶ ያውቃል?» አለ።

ቀልድ መስሏት ነበር። ፊቱን ስታየው ግን ቀልድ አልነበረም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀችው። ሸፊቅ ማራገቡን ሳያቆም፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ዓይነት፣ ለዋቃር እየጻፈ መቆየቱን ነገራት። ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ ቢሮው ሰው አይኖረውም፤ ያኔ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ዋቃር በሄደ ሰሞን ለአባቱ ሁለት ጊዜ ጽፎለት ነበር፣ ሸፊቅም ለሁለቱም መለሰለት። ከዚያ ወዲያ ከልጁ ምንም የለም። እሱ ግን መጻፉን አልተወም። «ሥራ ይበዛበታል» አለ፤ «ወደብ አጠገብ ስለሆነ»። ወደብ አጠገብ መሆን ለምን ደብዳቤ እንደሚከለክል ሁለቱም አላነሱትም። ዘርቃ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ከፈተናዋ በፊት ከላሆር ወንድሟ ጋ ደውላ የአባታቸውን ነገር ስታነሳበት፣ ዋቃር «ደህና ነው አይደል? በቃ» ብሎ ወሬውን ወደ ካራቺ ሙቀት አዙሮት ነበር። ያኔ አኩርፎ ነው ብላ አልፋዋለች። አሁን ገባት፤ እሱም መልስ እየጠበቀ ነበር።

ጀነሬተሩ ተነሳ። ሸፊቅ ወደ መቀሶቹ ተመለሰ፤ ዘርቃ ሰርቨሩ ፊት ተቀመጠች። ነገሩ ከባድ አልነበረም፣ እንዲያውም ቀላልነቱ አናደዳት። ሰርቨሩ አድራሻው በፋብሪካው ስም የሚያልቅ ሰው ሁሉ እዚሁ ግቢ ውስጥ የሚኖር ይመስለዋል። ከቢሮው ለዋቃር የተጻፈ ደብዳቤ ሲቀበል ስሙን ከቤቱ ሰዎች መካከል ይፈልጋል፤ ሲያጣው ላሆር ድረስ ልላክለት አይልም፤ በሱ ቤት ከግቢ የወጣ ሰው የለም ማለት ነው። ከውጭ ደንበኛ የሚጻፍለት ግን በቀጥታ ላሆር ገብቶ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ማንም ችግር እንዳለ አልጠረጠረም። ዛሬ ደግሞ የታያ ጂን ስም ስትሰርዝ እሳቸውም እንደ ዋቃር ሆኑ። ታዲያ ደብዳቤዎቹ የት ገቡ? እሱንም አገኘችው። የተጻፈለት ሰው ስም ያልታወቀ ደብዳቤ ሁሉ «ልዩ ልዩ» በሚባል ሣጥን ይጠራቀማል። ደንበኛ የሰው ስም አሳስቶ ቢጽፍ ትእዛዝ እንዳይጠፋ ተብሎ የተደረገ ነው፤ ሣጥኑም የሚከፈተው በታያ ጂ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ሄዳ ወንበራቸው ላይ ተቀመጠች።

ከፈተችው። ከላይ ዛሬ የተጻፈው አለ፣ ባይ ጃን ጀርመን ደህና ገቡ የሚለው። ከሱ በታች ማስታወቂያ፣ የማይታወቅ ሰው የሚልከው የሎተሪ እንኳን ደስ ያለህ፣ የመርከብ ዋጋ፣ በመካከላቸውም ከሸፊቅ ለዋቃር፣ ከሸፊቅ ለዋቃር እየተባለ እስከ ታች ድረስ። ያልተነበበ ደብዳቤ በደማቁ ነው የሚጻፈው፤ ማስታወቂያው፣ ሎተሪው፣ የመርከብ ዋጋው ሁሉ ደማቅ ነው፣ ማንም አልነካቸውም። የአባቷ ደብዳቤዎች ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈዘዋል። ተከፍተዋል፤ ተነብበዋል። በዚህ ወንበር ላይ ከአንድ ሰው በቀር የሚቀመጥ የለም።

ዘርቃ አንዱንም አልከፈተችም። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው፤ የጠዋቱ ማንጎ ትዝ አላት። ከዚያ ሥራውን ልሥራው አለችና ወደ ሰርቨሩ ሄደች። የታያ ጂን ስም የውጭ ሰው ብላ ጻፈች፤ የሚጻፍላቸውን እዚህ እንዳያስቀር፣ ላሆር ወዳለው ሣጥናቸው እንዲያስተላልፍ። ቀጥሎ የዋቃርን ስም ጻፈች፤ እንዳትነኪ ተብላለች፣ ነካች። የቀሩት የተጠራቀሙት ናቸው። ለማንም ሳትናገር ሰብስባ መስደድ ትችላለች፤ ግን እያንዳንዱ የተጻፈበት ቀን ላዩ ላይ አለ፣ ዋቃር አይቶ ይጠይቃል፣ አባቷም ይጠይቃል፣ ያኔ እሷ መዋሸት ሊኖርባት ነው። ሎተሪውን ደመሰሰችና ደጅ ደጁን እያየች ጠበቀች።

ታያ ጂ ከመስጊድ የተመለሱት ቆባቸውን እንዳደረጉ ነው። በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ የኮምፒዩተሩን መስኮት አዩ። ከዚያ ገብተው የእንግዳው ወንበር ላይ፣ ማንም ሰው ሲለማመጣቸው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«የጀርመኑ ተስተካክሏል ታያ ጂ» አለች። «ዋቃርንም አስገብቼዋለሁ።»

«እንዳትነኪ ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኛል።»

ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። እነዚህንስ ምን ልታደርጊ ነው አሏት፣ መስኮቱን በአገጫቸው እያሳዩ። ዘርቃ ሰርቨሩ አሥር ሰዓት ላይ ሲደውል ሁሉም እንደሚሄዱ ነገረቻቸው። ከዚያም ቀጠለች።

«አባባ የት ቆይተው ነው ብሎ ከጠየቀኝ ያየሁትን ነው የምነግረው። እርስዎ ቢቀድሙኝ ግን ይሻለኛል።»

በዚያ ቤት ማንም ለታያ ጂ እንዲህ ተናግሯቸው አያውቅም፤ ከዋቃር በቀር፣ እሱም የት እንዳለ ይታወቃል። ዘርቃ ቁጣውን ጠበቀች። ታያ ጂ ግን ቆባቸውን በእጃቸው እያገላበጡ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲገባ ሥራ መስሏቸው እንደከፈቱት አወሩላት። ሁለተኛው ሲመጣ ለሸፊቅ ሊነግሩት ሄደው ነበር። እሱ መቀሱን እያየ ቀና ብሎ «ምን ልታዘዝ ባይ ጃን?» አላቸው፤ ምን እንደሚሉ ጠፋቸው፣ ስለ መርከብ ጭነት ጠይቀው ተመለሱ። ከሦስተኛው በኋላ እንዴት ብለው ይናገራሉ? ከዚያማ ዓርብ በመጣ ቁጥር ሰዉ ሲወጣ ጠብቀው ሣጥኑን መክፈት ለመዱ። ወንድማቸው እንዲህ ብዙ ነገር በልቡ ያለ ሰው መሆኑን በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ገና ማወቃቸው ነው አሉ። ይህን ሲሉ ዘርቃን አላዩዋትም። ከዚያ ተነሱ፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ «በይ አብረሽኝ ነይ» አሏት።

የመቀስ ማያው ክፍል ጠባብ ነው፤ የሰሜን ብርሃን የሚገባበት አንድ ሰፊ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ሳህን እርጥብ ጥጥ። ሸፊቅ መቀሱን ያነሳል፣ በአጉሊ መነጽር ምላጩን ያያል፣ ጥጡን ይቆርጥበታል፤ ጥጡ ከተንጠለጠለ መቀሱ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ንጹሕ ከተቆረጠ ወደ ቀኝ። ሲገቡ ቀና ብሎ ምን ልታዘዝ ሊል ነበር፤ ታያ ጂ በእጃቸው አቆሙትና አጠገቡ ያለውን ባሊ ገልብጠው ተቀመጡበት። ዘርቃ በሩ ላይ ቀረች። ታያ ጂ የሆነውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ፤ ደብዳቤዎቹ ለዋቃር እንዳልደረሱ፣ የት እንደነበሩ፣ ማን እንዳነበባቸው። ሸፊቅ መቀሱ በእጁ ነበር። ሲሰማ ሲሰማ ቆየና መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይደለም፣ መሐል ላይ።

«ልጄ ረስቶኝ ነበር» አለ። «እኔ እንዲያ ብዬ ደምድሜ ነበር ባይ ጃን። ዛሬ ጠዋት በገበታ ላይ ሲባል እርስዎ ያውቁ ነበር። ያውቁ ነበርና ማንጎ አነሱ።»

ከጓሮ መሞረጃው ያፏጫል። ሸፊቅ እጁን በፎጣ ጠረገ፣ አምፖሉን አጠፋ፣ ገና ያልታዩት መቀሶች በትሪ እንደተከመሩ ተነሳ። በወንድሙ አጠገብ አልፎ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዞር አላለም።

«ሁሉንም ነው ያነበቡት?»

«ሁሉንም።»

«ስለ እርስዎ የጻፍኩትንም?»

«ታያህ ሲቆጣህ አትቀየመው፣ እግሩን እያመመው ነው፣ ለሰው መናገር ስለማይወድ ነው ብለሃል» አሉ። ከዚያም «ማን ነገረህ?» አሉ።

«ደረጃውን ሲወጡ አያለሁ» አለ ሸፊቅ። «ዓይን አለኝ እኮ። ሥራዬ ማየት ነው።»

ወደ ቢሮ የሄደው እሱ ቀድሞ ነው። ዘርቃ ተከተለችው፤ ታያ ጂም ከኋላ፣ እግራቸውን እንደ ልባቸው እያነከሱ፣ መደበቁን ትተውት። ሸፊቅ የታያ ጂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጸሐፊው ከምሳ ተመልሶ ስለነበር ይህን ሲያይ ብዕሩን ጣለ፣ ለማንሳት አጎንብሶም እዚያው ብዙ ቆየ። ዘርቃ ሁሉንም ትላካቸው እንደሆነ አባቷን ጠየቀችው፤ ያረጀ፣ አሁን የማይሆን ነገር ያለበት ካለ ማስቀረት ይቻላል። ሸፊቅ የኮምፒዩተሩን ዝርዝር እስከ ታች አየ። አንዱ ላይ ዋቃር የተወው ካልሲ አልጋ ሥር እንደተገኘ ጽፎለት እንደነበር፣ ካልሲው ከዚያ ወዲህ በአይጥ እንደተበላ ነገራት። ይሁን፣ እሱም ይሂድ አለ። ቀናቸውንም እንዳትነካ። አሥር ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ጮኸና ተገናኘ፤ አራቱም ሰዎች ሥራ የፈቱ ይመስል ዙሪያውን ቆመው አዩት። አንድ ሁለት እያለ ሰደዳቸው። ታያ ጂ «ሄዱ?» ብለው ጠየቁ። ዘርቃ ሄደዋል አለች። ሸፊቅ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ መቀሶቹ ሄደ፤ ወንድሙን አላናገረም፣ ሲያልፍ ግን ታያ ጂ እንዲቀመጡ ወንበሩን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገላቸው።

እራት ላይ ወሬ አልነበረም። ኩልሱም ካሬላ በሚሉት አትክልት መምረር አሳበው ሁለት ጊዜ ወሬ ሊያስነሱ ሞከሩ፤ ማንም አልተከተላቸውም። ምን እንደሆነ ዘርቃን በዓይናቸው ቢጠይቋትም እሷ ዳቦዋ ላይ አተኮረች። ገበታው ሳይነሳ ስልኩ ጮኸ። ታያ ጂ እልፍኝ ነውና የሚጮኸው፣ የሚያነሱትም እሳቸው ናቸው፤ ሁሉም ተከትለው በሩ ላይ ተደረደሩ። ታያ ጂ «አሎ» አሉ። ከወዲያ የሚሰማው ድምፅ ወጣት ነው፣ ቸኩሏል፣ ከጀርባው የጭነት መኪና ይጮሃል። ታያ ጂ ጥቂት አዳመጡ። ዋቃር ምን እንዳላቸው ከዚያ በኋላም ማንም አልሰማም፤ እሳቸው ግን «አዎ» አሉ፣ «አዎ፣ ሁሉም ያንተ ናቸው» አሉ፣ ከዚያም «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የአባትህ አይደለም» አሉ። ይህንን ኩልሱምም ሰሙ፤ የያዙትን ሳህን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ታያ ጂ ስልኩን ለሸፊቅ ዘረጉለት። ሸፊቅ ተቀበለና እንዴት እንደሚያዝ የማያውቅ ይመስል በሁለት እጁ ያዘው።

«ዋቃር» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልመጣለትም። ቤቱን በሙሉ ዞሮ አየ፤ ሚስት እንደሆነች ዓምና ሞታበታለች፣ ያሉት ሴት ልጁ፣ ወንድሙና የወንድሙ ሚስት ናቸው፣ ሁሉም አፉን ነው የሚያዩት። ታያ ጂ ነገሩ ገባቸው። በራሳቸው እልፍኝ፣ በራሳቸው ስልክ፣ የካራቺው ደቂቃ እየቆጠረ ሳለ፣ ኩልሱምን በክርናቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ አስወጡ፣ ዘርቃንም በዓይናቸው ጠሯት። ሦስቱም ኮሪደሩ ላይ፣ ደረጃው አፍ ጋ ቆሙ። ከውስጥ የሸፊቅ ድምፅ ቀስ ብሎ ጀመረ፣ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ፤ ከዚያ አልቆመም። እንዲህ ሲያወራ ዘርቃ በዕድሜዋ ሰምታው አታውቅም። ቃሉ በሩ ገርበብ ባለበት በኩል ሾልኮ ይወጣል፣ ትንሽ ጆሮ ለሰጠው ሰው ይያዛል። ኩልሱም ጆሯቸውን ወደዚያ አዘንብለዋል። ታያ ጂም ለአፍታ አዘነበሉ። ከዚያ ቀና አሉ፣ እያነከሱ ሦስት አራት እርምጃ ተመልሰው፣ እጀታውን ያዙና በሩን እንዳይንኳኳ ቀስ አድርገው ገጠሙት።